ዘላቂ ደስታ በሀዲያና በከምባታ ታሪክ

ደስታን የማይሻ ሰው የለም። ገበሬው ሲያርስ፣ ነጋዴው ሲነግድ፣ ተማሪው ሌሊት ተነሥቶ ሲያጠና፣ ሁሉም በየመንገዱ የሚጓዘው ወደዚያው ነው። ይሁን እንጂ «ደስታ ምንድር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል። አንዱ ገንዘብ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ጤና ነው ይላል፤ ሦስተኛው ልጅና ትዳር ነው ይላል። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ሰው ደስተኛ ነው ወይም አይደለም የሚባለው በአንድ ቀን ፈንጠዝያ ሳይሆን በመላ ሕይወቱ ተመዝኖ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ለመልካም ኑሮ ከሚያስፈልጉት ነገሮችም መካከል ወዳጅነትን ከፍ ባለ ስፍራ አስቀምጦታል።

እኛ ደግሞ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ለገዛ አገራችን ታሪክ ብናቀርበው መልካም ይመስለኛል። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ይነግሩናል፤ ሕዝቡ በምን ይደሰት እንደ ነበር ግን እምብዛም አይጽፉም። ጥንት ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በዶዮገና አባቶቻችንና እናቶቻችን ደስታ የሚሉት ምን ነበር? እንዳይጠፋባቸውስ በምን ዘዴ ያቆዩት ነበር? ይህን መጠየቅ ለጨዋታ ያህል አይደለም። ዛሬ ብዙ እኩዮቻችን ደስታ የሚገኘው ወደ ደቡብ አፍሪቃ በሚወስደው መንገድ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ፤ በዚህም እምነት ሕይወታቸውን አስይዘው ይሄዳሉ።

በመጀመሪያ ከቤታችን ጓሮ እንነሣ። ሀዲያም ከምባታም «ዌሳ» የሚሉት እንሰት የዚህ አገር ኑሮ መሠረት ነው። እንሰትን የሚተክል ሰው በዓመቱ አይበላውም። ገበሬው የአንዱን እንሰት ሥር ለሁለት ይሰነጥቅና እምብርቱን አውጥቶ፣ ፍግ ጨምሮ፣ በአፈር ይቀብረዋል። ከዚያ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ችግኙም ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለመብል እስኪደርስ እንደ አገሩ ደጋነትና ወይናደጋነት ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በደረሰ ጊዜ ሥራው ወደ ሴቶች ይተላለፋል። ጎረቤታሞቹ ተጠራርተው እንሰቱን በሳንቃ ላይ አድርገው ይፍቃሉ፤ ሥሩን ይከታከታሉ፤ ሁሉንም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ቀብረው እንዲብላላ ይተዉታል። ቆጮ የሚሆነው ይህ ነው። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ደግሞ ቡላ ይባላል፤ ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫ ለገመድ ይሆናል። በሚገባ የተቀበረ ቆጮ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

«ይህ ስለ እርሻ እንጂ ስለ ደስታ አይደለም» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። እንሰት ለሕዝቡ ከምግብነት በላይ አስተማሪ ነበረ። ዛሬ ተክሎ ከዓመታት በኋላ መብላትን አስተምሮታል። ብቻን የማይሠራ ሥራ መኖሩን አስተምሮታል። ከሁሉም በላይ በጥጋብ ቀን ቀብሮ ለክፉ ቀን ማቆየትን አስተምሮታል። ዝናብ ዘግይቶ እህል በከዳበት ዓመት እንሰቱ በጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ነገን ያለ ፍርሃት ማሰብ የደስታ ግማሽ መሆኑን የተራበ ሰው ያውቃል።

ይኸው ትምህርት በበዓላችን ውስጥ በግልጥ ይታያል። የሀዲያ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ያሆዴ በመስከረም ወር በመስቀል ሰሞን ይከበራል፤ የከምባታ ወንድሞቻችንም በዚያው ወቅት መሳላን ያከብራሉ። እንግዳ ሰው በዓሉን ሲያይ የሚታየው ችቦው፣ ዘፈኑ፣ ሥጋውና በቅቤ የራሰው አታካና ነው። በዓሉ ግን የሚጀመረው በመስከረም አይደለም። ወንዶች ለበሬ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ቱታ በሚባለው ማኅበራቸው አስቀድመው በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቅማሉ። ሴቶችም ዊጆ በሚባለው የቅቤ ዕቁብ ቅቤያቸውን በተራ ለአንዷ እየሰጡ ለሁሉም እንዲዳረስ ያደርጋሉ። ወጣቶች እንጨት ይሰበስባሉ፤ ልጃገረዶች ቤት ያሳምራሉ። አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ለብቻዋ ብትሆን የበዓል ቅቤ አይሞላላትም፤ በዊጆ ግን ከባለ ብዙ ላሟ እኩል አታካና ታቀርባለች። አንድ ድኻ ገበሬ ለብቻው በሬ አያርድም፤ በቱታ ግን ከመደቡ ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። በዓሉ ከመድረሱ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች በየደጁ እየዞሩ ጠበኞችን ያስማማሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ደስታን እንደ ድንገተኛ ዝናብ አልጠበቁትም ማለት ነው፤ ቀን ቆርጠው፣ መዋጮ አዋጥተው፣ ልብን ከቂም አጥርተው ያዘጋጁት ነበር። በአገራችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል፤ ቱታና ዊጆ ይህ ምሳሌ በሥራ የተተረጎመባቸው ናቸው።

ለደስታ እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ለኀዘንም ተደራጅቷል። በሀዲያና በከምባታ ሴራ የሚባለው ሥርዓት የአብሮ መኖር ሕግ ነው። ሰው ሲሞት ቀባሪ፣ ቤት ሲቃጠል ሠሪ፣ አራሽ ሲታመም አራሽ እንዳይጠፋ የሚያደርገው እርሱ ነው። ኀዘን በሌለበት ብቻ የሚቆይ ደስታ ዕድሜው አጭር ነው፤ ኀዘን የማይቀር ነውና። ኀዘንን የሚሸከም ጎረቤት ያለው ሰው ግን ከወደቀበት ይነሣል። በእኔ ግምት ዘላቂ ደስታ ማለት ይህ ነው፤ ሰው አለማልቀሱ ሳይሆን ብቻውን አለማልቀሱ።

ነገር ግን ያለፈው ዘመን ሁሉ መልካም ነበር ብሎ መጻፍ ታሪክን መሸንገል ይሆናል። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ይህ አገር በጦር ኃይል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ በኋላ ሕዝቡ ገባር ሆነ። መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተከፋፈለ፤ ገበሬው በአባቱ ርስት ላይ ግብር ከፋይና ጉልበት ሰጪ ሆኖ ኖረ። በዚያ ሁኔታ ላይ ቱታና ሴራ ብቻቸውን የሰውን ልብ ሊሞሉ አይችሉም ነበር። የተከለውን እንደሚነቅል እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ለመትከል እጁ ይከብደዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ብዙ ገባር የተደሰተው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ መከራ ቢኖርም፣ ያ ቀን አንድ እውነት አሳይቷል። ፍትሕ የሌለበት ደስታ ሥር አይሰድም።

የመሬቱ መጥበብና የግብሩ ክብደት ሌላም ነገር አምጥቶ ነበር፤ ይኸውም ከአገር ወጥቶ ሥራ መፈለግ ነው። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር፣ ኋላም በወንጂ ሸዋና በመተሐራ ፋብሪካዎች ሲጨመሩ፣ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ጎልማሶች አገዳ ለመቁረጥ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረዱ። የዘመኑ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ ቆጥሮ ወደ ቤት የላከው በዚያን ጊዜ ነው። በዚያም ገንዘብ ግብር ተከፍሏል፤ ላም ተገዝቷል፤ ልጅ ተምሯል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ከሙቀቱና ከወባው ሌላ፣ የወንጂ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ነበረ፣ ለብዙ ዓመት የጠጡትን ሠራተኞች ጥርስ አበላሽቶ የአጥንት በሽታ አስከትሏል። ያም ሆኖ አገዳ ቆራጩ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ክፍት ነበር። በክረምት ሥራው ጋብ ሲል፣ መስቀል ሲቃረብ፣ ድርሻውን ይዞ ከቱታው ይቀላቀል ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ሌላ ደስታ ወደ መንደሮቻችን ገባ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ በዘመቻው ዘመን የተሰጠው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን፣ ሀዲይኛና ከምባትኛም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ዕድሜያቸው የገፋ አባትና እናት በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ ቃል ሲያነቡ የሚሰማቸውን ስሜት ገንዘብ አይገዛውም። ከልጅ ልጁ ጎን ተቀምጦ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈ ሽማግሌ ሌላ ሀብት አልጨመረም፤ በራሱ ዓይን ግን ከፍ ብሏል። ሰው ትናንት የማይችለውን ዛሬ ሲችል የሚያገኘው ደስታ ከማይነጥፉት ምንጮች አንዱ ነው።

እንግዲህ ከማዕድ ተገልሎ የሚኖር ሰው እስካለ ድረስ የአካባቢው ደስታ ሙሉ አይሆንም ካልን፣ ከሁሉ በፊት ስለ እናቶቻችንና ስለ እኅቶቻችን መናገር ይገባናል። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቅቤውን የሚያጠራቅሙት እነርሱ ነበሩ፤ ሴት ልጅ ግን በልጅነቷ ትገረዝ ነበር፤ ወደ ትምህርት ቤትም አትላክም ነበር። በከምባታ የተወለዱት ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውሃ ለመቅዳት የሄዱ መስለው ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ከዚያም አልፈው በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከእኅታቸው ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጓሜውም የከምባታ ሴቶች በአንድነት መሥራት ማለት ነው።

የሥራቸው አጀማመር ለኛ ታላቅ ትምህርት ነው። የመጡት ግርዛትን ለማስቀረት ነበር፤ ሕዝቡ ግን በቅድሚያ የነገራቸው ስለ ድልድይ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበረም። እርሳቸውም «እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» ብለው አልተመለሱም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጣቸው። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድነት ተቀምጠው ስለ ልማዱ ይነጋገሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ልጃገረድ በአደባባይ ተዳረች፤ ወደ 2,000 የሚሆን ሰውም በሠርጓ ላይ ተገኘ። ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም ይባል በነበረበት አገር ይህ ሠርግ ተራ ሠርግ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ባስጠናው መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአካባቢው ሰው ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን ይደገፍ የነበረው ግርዛት፣ በ2008 ደጋፊው ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ዐረፉ። የተከሉት ግን እንደ እንሰቱ ተባዝቶ ቀርቷል። ደስታን ለሕዝብ የሚያመጣ ሰው አስቀድሞ ሕዝቡን «ምን ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበትም አሳይተዋል።

አሁን ወደ ዘመናችን ጥያቄ እንመለስ። በደቡብ አፍሪቃ የዘር አድልዎ አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ካበቃ በኋላ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ አገር መጓዝ ጀመሩ። ከአዲሱ የአውሮፓ ምዕት ዓመት መባቻ ወዲህ ደግሞ ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ የሚወጣው ወጣት እጅግ በዛ። መንገዱ በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን ያቋርጣል። ከደረሱት ብዙዎቹ ዕቃ ተሸክመው በየቤቱ በዱቤ ይሸጣሉ፤ ከዚያም ትንሽ ሱቅ ይከፍታሉ። ይህን ጉዞ በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይደለም። በከተማችን የሚታዩት ብዙ ቤቶች የተሠሩት፣ ብዙ ታናናሾች የተማሩት፣ ብዙ ሕሙማን የታከሙት ከዚያ በተላከ ገንዘብ ነው። ደብተር ተገዝቶለት ከምንማረው መካከል አንዳንዳችን የዚያ ገንዘብ ልጆች ነን።

ነገር ግን መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ አገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ አቅራቢያ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ፣ እነርሱም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንደ ሆኑ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ አፍሪቃ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። እነዚህ ቁጥሮች ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በአንድ መንደር የተተከለ ድንኳን ነው።

ሌላው ጉዳት በዓይን ቶሎ አይታይም። ለደላላ የሚከፈለውን ለመሙላት ቤተሰቡ ከብቱን ይሸጣል፤ መሬቱንም ያከራያል። ከብቱ ሲሸጥ እንሰቱ ፍግ ያጣል። ፍግ ያጣ እንሰት ይቀጭጫል። ቅቤው ሲቀር እናት ከዊጆ ትወጣለች፤ ልጁ ሲቀር አባት በቱታ ውስጥ አቅመ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ የሚሸጠው ላም ብቻ አይደለም፤ ለትውልድ የተቀበረው የደስታ ጉድጓድ አብሮ ይከፈታል።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በላከው ገንዘብ የተሠራ ሰፊ ቤት አላቸው፤ ግድግዳው የተለሰነ፣ ወለሉ የተሰመረ ነው። በያሆዴ ዋዜማ አታካናውን ሲያቀርቡ ለእርሱም ድርሻ ያስቀምጣሉ። «ቤቱ ሞላ እማማ» ብላቸው «ሞላ ልጄ፤ የሚበላልኝ ብቻ ጠፋ» አሉኝ። ልጁም በስልክ ሲያናግራቸው የሚጠይቀው ስለ ቤቱ አይደለም አሉ፤ ማን ታረቀ፣ የማን በሬ ታረደ፣ ችቦውን ማን ለኮሰ እያለ ነው። ሁለቱም ገንዘቡን አልናቁትም። ሁለቱም ግን የተራቡት ገንዘቡ ያልገዛውን ነው።

የዓለም ሊቃውንት ምርምርም ከእኚህ እናት ቃል ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው ጥናት ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከታትሎ፣ ለጤናና ለደስታ ከሀብትና ከዝና ይልቅ መልካም ወዳጅነትና ቤተሰብ እንደሚበልጥ አገኘ። ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጥናት፣ የአገር ሀብት ሲጨምር የሕዝቡ ደስታ በዚያው ልክ እንደማይጨምር አመለከተ። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ መጋቢት 11 ቀን ዓለም አቀፍ የደስታ ቀን እንዲከበር ወስኗል። ይህን ስል ድህነት ያስደስታል ማለቴ አይደለም፤ የተራበ ሰው ስለ ደስታ ስብከት አይሻም። ከእጦት ለመውጣት ገንዘብ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ገንዘብ ብቻውን አይሠራውም።

እንግዲህ ከታሪካችን የምናገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ደስታ እንደ እንሰት ነው። ጊዜ ወስዶ ይተከላል፤ አብሮ ይሠራል፤ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ተካዩ ነቃይ ካልሆነ፣ ወይም ከማኅበሩ አንዱ ከተገፋ ግን ይደርቃል።

ውድ ጓደኞቼ! ከመካከላችን ለመሄድ የሚያስብ ቢኖር፣ ከደላላው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ከተመለሱትና ልጃቸውን ካጡት ጋር ይነጋገር፤ የሚሸጠውን ከብት ብቻ ሳይሆን ከብቱ የሚያቆመውን እንሰት ጭምር ይቁጠር። ወንድም ወይም እኅት የላከለት ቢኖር፣ ገንዘቡን ከሌሎች ጋር አዋጥቶ ወፍጮ ቢተክልበት፣ ከብት ቢያረባበት፣ ታናናሾቹን ቢያስተምርበት የላኪው ድካም በከንቱ አይቀርም። የምንቀረው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ የቱታንና የዊጆን ሥርዓት እንማር፤ የሴራን ደንብ ጠይቀን እንጻፍ፤ ለሩቅ ወዳጆቻችንም ደውለን ማን እንደ ታረቀ እንንገራቸው። ለመጪው ያሆዴ መዋጮው የሚጀመረው ዛሬ ነው። ድርሻችንን ዛሬ ካላስቀመጥን፣ በመስከረም ከችቦው ዙሪያ ብንቆምም የራሳችን ያልሆነውን ደስታ እንደሚያዩ እንግዶች እንሆናለን።